ልጅሽ የከሳው ታሞ አይደለም

በአገር ርቃኝ በልቤ ለማትርቀኝ እናቴ ይድረስልኝ።

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጉልበት ቁርጥማት ተወት አደረገሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ያስይዝሻል? ዓይንሽስ? እትዬ መነጽርሽን አድርጊ ስትልሽ እሺ እሺ ብለሽ ትራስ ሥር እንደምትደብቂው ሰምቻለሁ። እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ የጎረቤቶችሽ ሁኔታ፣ ሁሉ ነገር እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብን፤ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ሁለታችንንም ማለቴ ነው፤ እኔንም ልጅሽንም።

እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ ለእማዬ የምታነቢላት አንቺ ስለሆንሽ አንድ አደራ አለኝ። እንደ ልማድሽ ታዝንብኛለች ያልሽውን መስመር እየዘለልሽ እንዳታሳጥሪው። እንደተጻፈ አንብቢላት። ካለቀሰችም ታልቅስ፣ ግን እስከ መጨረሻው ትስማ።

እማዬ፣ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው እትዬ ደውላ የሆነውን ሁሉ ነግራኛለች። የልጅሽን፣ የጋሼን አዲሱን ፎቶ ስታዪ ፊትሽን በሻሽሽ ሸፍነሽ ምሳ ሳትቀምሺ ዋልሽ አለችኝ። በማግስቱ እሱ ራሱ ሲደውልልሽም ሁለት ቃል ሰምተሽ ስልኩን ለእትዬ መለስሽላት። ይህ የልጄ ድምፅ አይደለም፣ ልጄ ወይ ሞቷል ወይ ሊሞት ነው፣ እናንተም ሌላ ሰው እሱን አስመስላችሁ ታገናኙኛላችሁ አልሽ አሉ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጠራ ቀና ብለሽም አታዪም። ወረቀት ያነሳሁት ለዚህ ነው። ስልክ ካላሳመነሽ ምናልባት የእጄ ጽሑፍ ያሳምንሽ እንደሆነ ብዬ ነው።

ልጅሽ የከሳው ታሞ አይደለም እማዬ። ሊታመም ሲል ነው ከስቶ የዳነው። ይህን ብቻ ጽፌ ብተወው እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከሥሩ እነግርሻለሁ። እሱንም አስፈቅጄዋለሁ። ሁሉን ልጻፍላት ወይ ብዬ ስጠይቀው ሦስት ቀን ሙሉ ዘጋኝ። በአራተኛው ቀን ሸሚዝ እየተኮሰ፣ ቀና ሳይል፣ ጻፊላት አለኝ።

መጀመሪያ ጥፋታችንን ልናዘዝ። መክሳት ከጀመረ ወዲህ ሦስት ጊዜ ፎቶውን ልከንልሻል፤ ሦስቱም የድሮ ፎቶዎች ናቸው። በእኛ ቤት ሰው ሲወፍር ተመቸው፣ ሲከሳ ምን ነካው ነው የሚባለው። እሱም ይህን ስለሚያውቅ፣ እማዬ እንዲህ ሆኜ ካየችኝ ውላ አታድርም፣ የጀመርኩትን ልጨርስና ያኔ ታየኛለች አለኝ። እኔም እውነት መስሎኝ ከመሳቢያ እየመዘዝኩ ላክሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ በሦስተኛው ላይ ያው ባለ መስመር ሸሚዝ፣ ያው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ተመልሶ መጣልሽ። አንቺ ደግሞ መነጽር ባታደርጊም የልጅሽን ሸሚዝ እስከ ቁልፉ ታውቂዋለሽ። ጠረጠርሽ፣ ግን ዝም አልሽ። እውነተኛው ፎቶ የደረሰሽ በዚያ ጥርጣሬ ላይ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኛ እኮ ዘግይተንም አፈሰስን።

አሁን ደግሞ ከመክሳቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበረ ልንገርሽ፤ አንቺ የምታውቂው ከቤት የወጣውን ልጅ ነውና። ያኔ ደረቱ ሰፊ፣ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ነበር። እዚህ ከመጣ በኋላ የሆነውን ፎቶው አልነገረሽም፤ ከደረቴ በታች አልነሳም ይል ነበር። የልብስ ሰፊ ሜትር ርዝመቱ መቶ ሃምሳ ሳንቲሜትር ነው። ያ ሜትር የልጅሽን ወገብ ዞሮ ጫፍና ጫፉ አይገናኝም ነበር። ለራሱ ሱሪ ሲቀድ ሁለት የመለኪያ ሜትር ተቀጣጥሎ ነበር የሚለካው፤ የምለካውም እኔ ነበርኩ፤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እንዳልናገር በዓይኑ ይለምነኝ ነበር።

ልብስ በሚሰፋበት ሱቅ ውስጥ ደግሞ የራሱ ዘዴ ነበረው። ሱሪ የሚያሳጥር ልብስ ሰፊ ደንበኛው እግር ሥር ተንበርክኮ እስፒል ይሰካል። ጋሼ ከተንበረከከ ሁለት ሰው ካላነሳው አይነሳም። ስለዚህ ደንበኛውን ነበር ሳጥን ላይ የሚያወጣው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊው፣ ሙሽራው፣ የሙሽራው አባት፣ ሁሉም ካልሲውን እያሳየ ሳጥን ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ሰፈሩ ሁሉ ባለ ሳጥኑ ይለው ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ የጥርስ ሳቅ ነው ታዲያ። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ነፋስ የሚወስደኝ ነኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም፤ አብረን ስንሄድ የእህቱን ድርሻ እየበላባት ነው ይሉናል።

ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት በገዛ እግሩ ጤና ጣቢያ ሄደ። ምን አንቀሳቀሰው ብትይ ወደ ታች እነግርሻለሁ፤ እሱን ለመጻፍ ትንሽ ድፍረት ልሰብስብ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ፊቷ የማይፈታ አንዲት ጠና ያለች ነርስ አለች። ደሙንም ግፊቱንም አይታ፣ ስኳሩ ገና በሩን እያንኳኳ ነው፣ ልክፈትለት ካልክ ያንተ ፋንታ ነው አለችው። ምግቡን እንዴት እንደሚያስተካክል ጽፋ ሰጠችውና ተራመድ ብላ አሰናበተችው።

የመጀመሪያው ቀን ከቤታችን እስከ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ሄደ። አንቺ ዘንድ ቢሆን ከደጅሽ እስከ ውኃ ቧንቧው ያህል ነው። እዚያ ሲደርስ አጥር ይዞ ቆመ፣ ላቡን ጠረገ፣ ተመለሰ። በማግስቱም ያንኑ። በሳምንቱ ከመድኃኒት ቤቱ አልፎ እስከ ጫማ አዳሹ ደረሰ፤ ጫማ አዳሹ ወንበር ሊያቀርብለት ሲነሳ ተወው ብሎት ቆሞ አረፈ። ዛሬ ሱቁ ድረስ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል፤ እኔ ተከትዬው አንድ ቀን ብሄድ ጎኔን ወጋኝ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ሰው ሁሉ ያወራዋል፤ ሲሄድ ያየሁት ግን እኔ ነኝ።

ቅዱስ ሆነ አልልሽም። ሲርበው ነገረኛ ነው። ዳቦ ፊቱ ቆርሼ ስለበላሁ ብቻ አንድ ሳምንት አኩርፎኝ ያውቃል። ይቅርታ ማለት ደግሞ እንደ አባዬ አያውቅበትም። በስምንተኛው ቀን ወለሉን ይጠርግ የነበረ ቀሚሴን አሳጥሮ፣ ተኩሶ፣ አልጋዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ይቅርታው እሱ ነው፤ እኔም ለብሼው ወጣሁ፣ ታረቅን።

ከዚያ አንድ ጊዜ ሚዛኑ ቆመ። ሁለት ወር ሙሉ፣ ምግቡም ያው፣ መንገዱም ያው፣ ሚዛኑ ግን አንድ ኪሎ አልቀንስም አለ። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ተመልሶ ጫማውን ወርውሮ ተቀመጠና፣ ለማን ብዬ ነው የምለፋው አለኝ። ተስፋ ሲቆርጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ነርሷ ሚዛኑን በእግሯ ገፋ አድርጋ ጠረጴዛ ሥር ከተተችው። ይኼ የሚያውቀው ኪሎህን ነው፣ አንተን አያውቅህም፤ ከዛሬ ጀምሮ ስትመጣ ድሮ የማትችለውን፣ አሁን የቻልከውን አንድ ነገር ይዘህልኝ ና አለችው። የቀለደችበት መስሎት ተናዶ መጣ። ግን ትእዛዝ አክባሪ ነው፤ ከተረፈ የልብስ ቅድ ወረቀት ቁራጭ ቀዶ ቁም ሣጥኑ በር ውስጥ በእስፒል ሰካ። ሦስት ሳምንት ባዶውን ተሰቀለ።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ከክፍሉ አልወጣ አለኝ። አረፈደ ብዬ ገርበብ አድርጌ ሳይ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ያስራል። እማዬ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ክር ያሰርኩለት እኔ ነኝ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው በየጠዋቱ እግሩን ለታናሽ እህቱ ሲዘረጋ፣ እሱ ጣራውን ያያል፣ እኔ ወለሉን አያለሁ፣ ስለሱ ተነጋግረን አናውቅም። ያን ቀን እንዳላየሁ ሆኜ ወጥ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። የምከትፈው ሽንኩርት እንኳ ስላልነበረ የማሳብብበት አጣሁ። ማታ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ሳይ ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ተጽፏል፦ ጫማ።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ መሙላት ጀመረ። አንዳንዱ ለሌላ ሰው የሚያስቅ ነው። እግሩን አጣምሮ መቀመጥ ቻለ፤ ተቀምጦ ሳለ ጉልበቱን ከጉልበቱ ላይ አውጥቶ አገኘውና ራሱ ደነገጠ። ወጥ ቤታችን በር ላይ ስንገናኝ አንዳችን ወደ ኋላ መመለስ ቀረ። የታክሲ ሾፌር ከፊት ካልተቀመጥክ አልጭንህም ማለቱን ተወ። ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታችን ደግሞ አንድ ቀን በር አንኳኩቶ፣ በሹክሹክታ፣ ወንድምሽ ቤት ለቆ ሄደ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ማንኮራፋቱን ካልሰማ ወር ሆኖታል። አለ ብለው አላምን አለኝ፤ ልክ እንዳንቺ።

ሱሪውን ብታዪው ትስቂያለሽ። አዲስ ስፋ ስለው እምቢ ብሎ ያንኑ አንዱን እየፈታ ያጠብበዋል። እዚህ ሲቀንስ፣ እዚያ ሲሰፋ፣ በመጨረሻ የኋላ ኪሶቹ ተጠጋግተው ተጠጋግተው ተነካኩ። የሰውን ልብስ አሳምሮ የሚሰፋ ሰው ራሱ መሀል መቀመጫው ላይ ባለ አንድ ኪስ ሱሪ ለብሶ ሲሄድ አስቢው። የሱቁ ባለቤት ደንበኛ ልታባርርብኝ ነው ብሎ ነው አዲስ ያሰፋው። ለአዲሱ ሲለካ ሜትሩ ዞሮ ተገናኘ፤ ተገናኝቶም ተረፈ። ትርፉን በጣቱ ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ።

እኔን ከሁሉ ያኮራኝ ግን የጡረተኛው አስተማሪ ጉዳይ ነው። ምሳውን ላደርስለት ሱቅ ስገባ አንድ ሽማግሌ በከዘራ ተደግፈው ቆመዋል፤ ሱሪያቸው ሊያጥር ነው። ሳጥን ላይ መውጣት የማይችሉ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ጋሼ ሰበብ ፈልጎ ወደ ሌላ ሰፊ ይልክ ነበር። ያን ቀን እስፒሎቹን ከንፈሩ ላይ ይዞ፣ አንድ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ወለሉ ላይ አሳረፈ። የሱቁ ባለቤት የስፌት መኪናውን መርገጡን አቆመ። ጋሼ ሁለቱንም እግር ዞሮ ሰካና፣ ጠረጴዛም የሰውም እጅ ሳይዝ ተነሣ። ሽማግሌው ምን እንደተደረገላቸው የት ያውቃሉ፤ ግራውን ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ ብቻ አሉት። እሺ አባቴ ብሎ እንደገና ተንበረከከ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች አይቻለሁ እማዬ፤ እንደዚያ ቀን ያከበርኩት ሰው የለም።

ስለ ድምፁ ልንገርሽ፤ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀሽ እሱ ነውና። ድሮ ሦስት ቃል ተናግሮ ያርፍ ነበር። እማዬ ብሎ ትንፋሽ፣ እንደምን ነሽ ብሎ ትንፋሽ። አንቺ ያንን ትንፋሽ እንደ ድምፁ ለምደሽው ኖረሻል። አሁን ደረጃ እየወጣም ሳያቋርጥ ያወራል፤ እንዲያውም ወሬ በዝቶበታል። ስልኩ ላይ የሰማሽው እሱን ራሱን ነው፤ የጎደለው ማለክለኩ ብቻ ነው።

ሁሉም ነገር አማረ እንዳልልሽ፣ የክንዱና የሆዱ ቆዳ ላልቷል፤ በሰው ፊት እጅጌውን አይሰበስብም። ብርድ አያውቅም የነበረው ሰው ዛሬ ሁለት ብርድ ልብስ ይለብሳል። መንገድ ላይም የሚያውቁት ሰዎች አስቁመው፣ ምን ነካህ፣ ሐኪም አየህ ወይ ይሉታል። መጀመሪያ ይናደድ ነበር፤ አሁን፣ አይቶኛል፣ አመስግኖኛል ብሎ ያልፋል።

እንግዲህ ድፍረቱን ሰብስቤ ያቆየሁትን ልጻፈው። እማዬ፣ አባዬ የሞተ ጊዜ ብቻዬን መጥቼ፣ ጋሼ ፈቃድ ተከለከለ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። የሱቁ ባለቤት ሂድ ብሎት ነበር፤ ራሱ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶናል። አብረን አውቶቡሱ ውስጥ ገባን። የክንድ ማሳረፊያው ብረት በሁለቱም በኩል ያዘውና ወንበሩ ውስጥ አልገባ አለ። ሞከረ። በጎን ሞከረ። ከኋላ መንገደኛው ይገፋል፣ ረፈደብን ይላል። ረዳቱ መጥቶ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ላንተ ሁለት ወንበር ነው የሚያስፈልግህ፣ ሌላ ደግሞ የለኝም፣ ውረድልንና ሰው ይሂድበት አለው። አንዳንዱ ሳቀ። ጋሼ አባቴን ልቀብር ነው አላለም። ወረደ። በመስኮት ቦርሳዬን አቀበለኝና፣ ሥራ ከለከለው በያት፣ ሌላ እንዳትናገሪ ብሎ አስማለኝ።

እኔም አልኩሽ። አንቺ ልቅሶ ላይ፣ ከአባቱ ቀብር ሥራው በለጠበት ብለሽ ደረትሽን ስትመቺ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ስልኩን ስትዘጊበትም አውቅ ነበር። አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብን ውሸቱን አብረን ጎተትነው። በልጅሽ ቦታ ሆነሽ አስቢው፤ ሰው ፊት ከአውቶቡስ ያስወረደው ገላው መሆኑ ከሚሰማ፣ በአንቺ ዘንድ ልበ ደረቅ መባልን መረጠ። ጤና ጣቢያ የሄደው ቀብሩ ካለፈ በስድስተኛው ወር ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ጠዋት ቆንጆ ልብሱን ለብሶ ወጣ። ከሰዓት ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል። መናኸሪያ ሄዶ፣ ረጅም መንገድ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ፣ መሐል ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ የመጀመሪያው ከተማ ላይ ወርዶ ተመልሶ ነበር። ረዳቱ ዞር ብሎም አላየኝም አለኝ። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገመልኝ፤ ዞር ብሎም አላየኝም። ወረቀቱ ላይ ግን አልጻፈውም። ይኼኛውን ለነርሷ አልወስድም፣ የእማዬ ነው አለኝ።

ስለዚህ እማዬ፣ ልጅሽ ይመጣል። ፈቃድ ወስዷል፣ ቲኬቱም በእጁ ነው። የዚህ ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ደጅ ወጥተሽ ስትጠብቂ ያንን ትልቁን ሰው እንዳትፈልጊ፤ ሌላ መንገደኛ መስሎሽ ያልፍሻል። ቆዳው ላላ ብሎ፣ ፊቱ እንደ አባዬ ሆኖ ነው የምታገኚው። በፊቱ አታልቅሺ ብልሽ እንደማትችዪ አውቃለሁ፤ ታመህ ነው ወይ ብቻ አትበዪው። ማዕድ ስታቀርቢለት ትንሽ በልቶ ይበቃኛል ካለሽም በቃው ማለት ነው፤ በሞቴ እያልሽ አታስጨንቂው። ስለ አውቶቡሱ እንደጻፍኩልሽ ያውቃል። ቂም ካለሽ ለእኔ አቆይው፤ የዋሸሁሽ እኔ ነኝና።

እትዬ፣ ይህን ሁሉ ስላነበብሽ ምላስሽ አይድከም፤ ለባለቤትሽም ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ መቼም የሚስቴ ወንድም ልብስ ሰፊ ነው ብሎ ሱሪ እንዳይጠይቀው ብቻ። ለትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን በማለፏ እንኳን ደስ አለሽ በያት። ለመንትዮቹ አጎታቸው በእጁ የሰፋላቸው ሸሚዝ ይመጣላቸዋል፤ ጀርባው ላይም ይውጡበት፣ አሁን መሬት ተንበርክኮ መጫወት ይችላል። ለጎረቤትሽ ለእማማም፣ ጉንጩን ሳሙልኝ ስትል ለኖረችው፣ ሰላምታዬ ይድረስ።

ለአባዬ ግን ሰላምታ አልልክም። መቃብሩ ድረስ ሄዶ ልጁ ራሱ ያደርስለታል።

የምትወድሽ ታናሿ ልጅሽ

ከሁለተኛው ፎቅ፣ ከልጆችሽ ቤት
ጥቅምት 6 ቀን